ማሳከክና መድኃኒቱ፦ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር የራስና የፊት ቆዳ ሕመም ታሪክ



«እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ተረቱ ለማጽናናት የተባለ ነው። ቢሆንም በአካባቢያችን የቆዳ ሕመም እንዴት ሲታይ እንደኖረ ይነግረናል። ማሳከክ ከሰው ጋር የሚኖር፣ በጥፍር የሚቻል፣ ሐኪም ቤት የማያስኬድ ነገር ተደርጎ ነው የተቆጠረው። ጥፍር ግን ያቆስላል እንጂ አያድንም።

በወር ስብሰባችን ላይ ቡናው ሲቀርብ ደጋግመው ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው። የልጅ ራስ ላይ ወጥቶ አልለቅ ያለ እብጠት፣ ግንባር ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ በሦስትና በአራት ዓይነት ቅባት ተሞክሮ ያልዳነ ፊት ይነሳል። ስለዚህ የዚህ እትም የታሪክ ጽሑፋችን በዚሁ ላይ እንዲሆን ወሰንን። አያቶቻችን ይህን ሕመም እንዴት ለዩት? በምን አከሙት? ዛሬስ ከእነሱ ምን እንውሰድ፣ ምንስ እንተው? ዓመተ ምሕረቶቹን የጻፍነው ደጋፊዎቻችንም እንዲከተሉን ብለን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብርድ፣ ውኃና ባና

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ መቀመጫቸው ካደረጓት ጀምሮ ብርዷ ስሟን ተከትሏል። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው በዚያ ዘመን በአካባቢው ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ንጉሡ በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። ከሕዝብ ሕመም ጋር መታገል በዚች ከተማ ከምሥረታዋ ጀምሮ የነበረ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ብርድ በቆዳ ሕመም ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በብርድ አገር ሰው ገላውን በየዕለቱ አይታጠብም። ውኃው ከሩቅ በእንስራ ይመጣል፣ ማሞቂያው እንጨትም በጉልበት ነው የሚገኘው። ሌሊት ቤተሰቡ በአንድ መደብ ላይ ተጠጋግቶ ያድራል። የመንዝና የአካባቢው ሰው ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባናና ዝተት ከብርድ ያድናል፣ ነገር ግን ወፍራምና ከባድ ስለሆነ እንደ ነጠላ በቶሎ ታጥቦ አይደርቅም። ደብረ ብርሃን በ1960ዎቹ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ መሆኗም ከዚሁ ከበግና ከብርድ ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። እናቶቻችን «ማሳከክ» ብለው በአንድ ስም የጠሩት ብዙ ሕመም ነው። የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፣ ወደ ገላ የሚመጣው ለመብላት ብቻ ነው። የራስ ቅማል ኑሮው ፀጉር ላይ ነው፣ እንቁላሉን (ቅጫሙን) ከፀጉሩ ሥር ያጣብቃል። የእከክ ተባይ ደግሞ በዓይን ለማየት እጅግ የሚያስቸግር፣ ቆዳ ቆፍሮ ውስጡ የሚኖር ፍጥረት ነው። ሦስቱም ያሳክካሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ለልብስ ቅማል ልብስ መቀቀል ዋናው ሕክምና ነው። ለእከክ ግን ብርድ ልብስ ብቻ አጥቦ ገላን አለማከም ድካም ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ይህ ልዩነት በሳይንስ የተረጋገጠው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዛዊው ኬኔት ሜላንቢ በሼፊልድ ከተማ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ባደረገው ጥናት፣ እከክ በአብዛኛው የሚተላለፈው በብርድ ልብስ ሳይሆን ገላ ለገላ በመነካካት መሆኑን አሳየ። በአንድ ታማሚ ላይ የሚገኙት ተባዮች በአማካይ ከ12 እንደማይበልጡም ቆጠረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከኩ የሚጀምረው ከወር ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና የማያሳክከው ሰው ሳያውቀው ለሌላው ያስተላልፋል። በአንድ መደብ ለሚያድር ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ራስ የምታይ ሴት

ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የራስን ሕመም መጀመሪያ የምታየው ሹሩባ ሠሪዋ ናት። በበዓል ዋዜማ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የጎረቤቷን ፀጉር በሚዶ ስትከፍል፣ ቅማሉን፣ ቅጫሙን፣ ፎረፎሩን፣ ከጆሮ ጀርባ ያለውን ቁስል፣ ከማጅራት በላይ የወጣውን እብጠት ሁሉ ታያለች። ልጆችን ፀሐይ ላይ ጭን ላይ አስተኝቶ መቅመልም የእናቶችና የእህቶች ሥራ ነበር። የልጆች ራስ ቁንጮ ወይም ጋሜ ተትቶ ሲላጭ ደግሞ የተላጨው ቦታ ለዓይን ይጋለጣል። ክብ ሆኖ ፀጉር የነቀለው ላሽ ወዲያው ይታያል።

የሴቶች እጅና ዓይን በሕክምና ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። የእከክን ተባይ እ.ኤ.አ. በ1687 ጆቫን ኮሲሞ ቦኖሞ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በአጉሊ መነጽር አይቶ ጽፎት ነበር። የአውሮፓ ሐኪሞች ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳያምኑት ቆዩ፤ እከክ ከደም መበላሸት የሚመጣ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ያበቃው በ1834 ፓሪስ ውስጥ ነው። ሲሞን ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተወላጅ የሕክምና ተማሪ በሴንት ሉዊ ሆስፒታል መምህራኑ ፊት ተባዩን ከታማሚ ቆዳ በመርፌ አውጥቶ አሳየ። ዘዴውን የተማረው በመንደሩ ያሉ ገበሬ ሴቶች በመርፌ ሲያወጡ አይቶ ነው። ታላላቅ ሐኪሞች የሚከራከሩበትን ነገር እነዚያ ሴቶች በጓዳቸው ያውቁት ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእጥበቱ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ በመሆኑ ከዚህ ምልከታ ትልቅ ምርምር ተወለደ፤ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እንዶድ የእናቶቻችን ሳሙና ነበር። ልብስን ከእድፍና ከቅማል በማጽዳት ብዙ ቤት ከሕመም ጠብቋል። ቢሆንም ቢዋጥ የሚመርዝ፣ ዓይን ቢገባ የሚጎዳ ስለሆነ ለልጅ ራስ እጥበት አንመክረውም።

የአንኮበር ሐኪሞችና የአንኮበር ቅጠሎች

በ19ኛው መቶ ዘመን አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (ከ1813 እስከ 1847 የነገሡት) የውጭ እንግዶችን በዚያ ይቀበሉ ነበር። በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ አንኮበር ሲገባ አብሮት ዶክተር ኪርክ የተባለ ሐኪም ነበር። በቀጣዩ ዓመትም ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሌላ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ወደ ሸዋ መጥቶ ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳትሟል። ከሦስት ተኩል ዐሥርት ዓመታት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ጣቢያ መሠረተ። መሪው ማርኬዝ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው አርፎ ተቀበረ። ከእሱ በኋላ በጣቢያው ከሠሩት መካከል ራጋዚና ትራቨርሲ ሐኪሞች ነበሩ። እንዲህ ሲታይ አንኮበር ከአዲስ አበባ በፊት የውጭ ሐኪም ያየች የሸዋ ከተማ ናት።

እነዚህ ሐኪሞች ግን መጥተው የሚሄዱ ነበሩ። ሕዝቡ ከእነሱ በፊትም ከእነሱ በኋላም ይተማመን የነበረው በቅጠልና በሥር አዋቂዎች፣ በደብተራዎች የመድኃኒት መጻሕፍትና በጸበል ነው። የአንኮበር ደጋ በመድኃኒት ዕፅዋት የታወቀ ነው። ዶክተር ኤርሚያስ ሉለከልና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያሳተሙት ጥናት በወረዳው ለሰው ሕክምና የሚያገለግሉ ዕፅዋትን መዝግቧል። እኛም በየቤታችን እናውቃቸዋለን። ግራዋ ለራስ እጥበት፣ ሬት ለቁስል፣ የአስተናግር ቅጠል ለፎረፎርና ለላሽ፣ የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ለጭርት ይውላል።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን እንያዝ? የሬት ፈሳሽ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ብዙዎችን አይጎዳም። አስተናግር ግን ብርቱ መርዝ ነው። በተቧጨረና በቆሰለ ራስ ላይ ሲደረግ ወደ ደም ሊገባና ልጅን ሊያቃዥ ይችላል። የቅንጭብ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል። የጥንቱ አዋቂ መጠኑን ከአባቱ ተምሮ ይለካ ነበር። ዛሬ እውቀቱ ሳይኖር ቅጠሉ ብቻ ሲቀር አደጋው ያመዝናል።

ድኝ የተለየ ታሪክ አለው። በብዙ አገር ለእከክ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ በዘመናዊ ሕክምናም ቦታውን አልለቀቀም። በቅባት የተዘጋጀ ድኝ ዛሬም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የሚታዘዝ የእከክ መድኃኒት ነው። ሽታው ደስ አይልም፣ ልብስ ያበላሻል፣ ግን ይሠራል።

ጸበልንም ሳንጠቅስ አናልፍም። የሸንኮራ ዮሐንስና የጻድቃኔ ማርያም ጸበል ከሰሜን ሸዋ አልፎ ከመላ አገሪቱ ሕመምተኛ የሚመጣበት ነው። ለቆዳ ሕመም በውኃ መታጠብ፣ በንጹሕ ልብስ መሆን፣ ከሐሜት ርቆ ማረፍ በራሱ ዕረፍት ይሰጣል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ምእመናን ጸበሉንም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ይህ ምክር ለቆዳ ሕመምም ይሆናል። ጸበል የሄደች እህታችን መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ።

ፊት ላይ የሚታየውና ፍርሃቱ

ራስ በሻሽ ይሸፈናል፤ ፊት ግን አይሸፈንም። ስለዚህ ፊት ላይ የሚወጣ ነገር ሁልጊዜ ከሕመሙ በላይ ፍርሃት ይዞ ይመጣል። ለአያቶቻችን የመጀመሪያው ፍርሃት ፈንጣጣ ነበር። በአገራችን ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን የመክተብ ልማድ ከዘመናዊው ክትባት በፊት ይታወቅ ነበር። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻ በ1971 ተጀምሮ በነሐሴ 1976 የመጨረሻው ታማሚ ተመዘገበ። ዛሬ በጠባሳ የተበሳሳ ፊት ያላቸው አረጋውያን የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

ሁለተኛው ፍርሃት የሥጋ ደዌ ነበር። ሕመሙ በዘር ይወርዳል ስለሚባል ለጋብቻ ሲጠያየቁ ይመረመር ነበር። ማንኛውም ፊት ላይ የወጣ እብጠት በዚህ ስለሚጠረጠር ብዙዎች የቀላል ሕመም ቁስላቸውን ደብቀው ኖረዋል። በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1965 አለርት በዚያው ስፍራ ተመሠረተ። በ1970 ደግሞ የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተጨመረ። ከ1982 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ጥምር መድኃኒት ሥጋ ደዌን በወራት ውስጥ የሚድን በሽታ አደረገው። አለርትም ቀስ በቀስ ለሁሉም ዓይነት የቆዳ ሕመም ከየክፍለ ሀገሩ የሚላክበት ዋና ሆስፒታል ሆነ።

እዚህ ላይ እያንዳንዳችን ልናውቀው የሚገባ መለያ አለ። የሥጋ ደዌ እብጠትና ምልክት በአብዛኛው አያሳክክም፤ ይልቁንም ቦታው ይደነዝዛል። የሚያሳክክ እብጠት ያለባትን ሴት በሥጋ ደዌ መጠርጠር በሁለት በኩል ስሕተት ነው፤ ሕመሟም ያ አይደለም፣ ቢሆንም ኖሮ መድኃኒት አለው። ሽኮኮ በሚኖርባቸው የደጋ ገደሎች አካባቢ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ቁንጭርም እንዲሁ ነው። ልጆችን ፊታቸው ላይ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ለወራት ይቆያል፤ ዋናው ምልክቱ ግን ማሳከክ አይደለም።

ሦስተኛውን ፍርሃት እኛው በዘመናችን አይተነዋል። ኤች አይ ቪ ሲመጣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች፣ ደብረ ብርሃንም ጭምር፣ ቀድመው ቀመሱት። በፊት፣ በራስ፣ በአንገትና በደረት ላይ የሚወጡ፣ እጅግ የሚያሳክኩና በተራ ቅባት የማይለቁ እብጠቶች የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ናቸው። አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ እነዚህ ምልክቶች ሰውን ከቡና ጥሪ አስቀርተዋል፣ ከኪራይ ቤት አስወጥተዋል። በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ግን ትርጉማቸው ተለወጠ። የሚያሳክክ እብጠት ዛሬ «ተመርመሪ፣ መድኃኒት አለ» የሚል መልእክት ነው። መድኃኒቱ በትክክል ሲወሰድ የመከላከያ አቅም ይመለሳል፣ ቆዳውም ይጠራል።

ከሦስት ሰው አንዱ

የእከክ ታሪክ በአማራ ክልል ከፍ ብሎ የተሰማው በ2015 እና በ2016 ነው። ኤል ኒኖ ባመጣው ድርቅ ውኃ ሲጠፋ፣ ሰው ሲራብና ሲጠጋጋ፣ እከክ በብዙ ወረዳዎች ወረርሽኝ ሆነ። በክልሉ በድርቅ በተጎዱ 68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሲታዩ፣ ከሦስቱ አንዱ ገደማ እከክ ተገኘበት። «ተራ ነገር» ይባል የነበረው ሕመም የመንግሥት አስቸኳይ ጉዳይ ሆነ።

በዚያ ጊዜ የዋለው አይቨርሜክቲን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ምንጩ በጃፓን አፈር ውስጥ የተገኘ ረቂቅ ሕዋስ ሲሆን፣ ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በአገራችን ቀደም ሲል ለወንዝ ዳር ዕውርነት ይሰጥ ስለነበር አዲስ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። «የቆላ» ይባል እንጂ ደጋችንንም እንደማይምር እኛ እናውቃለን።

ከዚያ ወረርሽኝ የተገኘው ዋና ትምህርት እከክ የአንድ ሰው ሳይሆን የቤት ሕመም መሆኑ ነው። አንዷ ልጅ ታክማ ወንድሟ ካልታከመ፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ እሷ ይመለሳል። ታሪካችንን መለስ ብለን ብናይ ብዙ ድካም የባከነው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅጠሉም፣ ቅባቱም፣ እጥበቱም ለአንድ ሰው ሆነ፤ ሕመሙ ግን የመደቡ ነበር።

ዛሬም ከ2021 ጀምሮ ደብረ ብርሃን ብዙ ተፈናቃይ ወገኖቻችንን በመጠለያ ካምፖች አስጠግታለች። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት፣ ውኃ በወረፋ በሚቀዳበት ቦታ እከክና ቅማል መግቢያ አያጡም። አንድ ቱቦ ቅባት ለአንድ ልጅ መስጠት ደግነት ነው፤ ነገር ግን ያ ልጅ አብሯቸው ለሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን ካልተሰጠ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ደጋፊዎቻችን ይህን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን።

ዛሬ እንዴት እንለይ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን የሚጠቅመውን እናውጣ። የሚያሳክክ እብጠት ሲታይ ከቅባት በፊት ጥያቄ ይቅደም።

ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል? ሌላ የቤት ሰውም ያሳክከዋል? በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ፣ በጡት አካባቢ ሽፍታ አለ? እንዲህ ከሆነ እከክ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ እከክ ራስና ፊትን ብዙ ጊዜ አይነካም። በሕፃናት ላይ ግን ራስን፣ ፊትን፣ መዳፍንና ውስጥ እግርን ይይዛል። ሐኪም የሚያዘው ፐርሜትሪን፣ ቤንዚል ቤንዞኤት፣ የድኝ ቅባት ወይም አይቨርሜክቲን ሊሆን ይችላል። አይቨርሜክቲን ለነፍሰ ጡሮችና ክብደታቸው ከ15 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም፤ ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ይደገም። ከሕክምና በኋላ ማሳከኩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ያ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ስላልሆነ ቅባቱን በየቀኑ እየደጋገሙ ቆዳ ማቃጠል አያስፈልግም። እከክ ተቧጭሮ ሲመግል ግን መዘዙ እስከ ኩላሊት ሊደርስ ስለሚችል ቸል አይባልም።

እብጠቱ ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ ነው? ፀጉር ላይ ሲያራግፉት የማይረግፍ ቅጫም አለ? ቅማል ነው። መድኃኒቱ ከጥቅጥቅ ማበጠሪያ ጋር ይዋል፤ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ ይደገም፤ ከቅጫሙ የሚፈለፈለውን የሚይዘው ሁለተኛው ዙር ነው።

የልጁ ፀጉር በክብ ተነቅሏል፣ ቅርፊት አለው፣ ፀጉሩ ከሥሩ ተቆርጧል? የራስ ጭርት (ላሽ) ነው። ፈንገሱ በፀጉሩ ውስጥ ስለሚኖር ከላይ የሚቀባ ብቻውን አያድነውም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። አብጦ ውኃ የቋጠረ ሲመስልም እንደ ብጉንጅ በምላጭ አይበጣ። ልጆችን በአንድ ምላጭ ማላጨትም ይቁም።

ቅባትነት ያለው ቅርፊት በራስ፣ በቅንድብ፣ በአፍንጫ ዳር ይታያል? ይህ ፎረፎር ሲብስ የሚመጣው ነው። የሚያስከትለው ፈንገስ ቅባት ይወዳል። ለጋ ቅቤ ለፀጉራችን ጌጥና ክብር ነው፣ ማንም እንድትተወው አንልም። በእንዲህ ያለ ራስ ላይ ግን እስኪድን ድረስ ይቆይ፤ የፈንገስ ሻምፖ ይቅደም። ቅቤና የፀጉር ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድም ቡግር ያበዛል። ሹሩባ እጅግ ተጠብቆ ሲሠራ በፀጉሩ ዳር የሚወጡት ትንንሽ እብጠቶች ደግሞ የፀጉሩ ሥር እየተነቀለ መሆኑን ያመለክታሉ። ላላ ይደረግ፤ ካልተደረገ ፀጉሩ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።

ለማድያት ወይም ለመቅላት ተብሎ የተገዛ ቅባት ፊት ላይ ሲቀቡ ቆይተዋል? በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው። መጀመሪያ ፊት ያጠራሉ፣ ማሳከክንም ያቆማሉ። ከወራት በኋላ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ እብጠትና መቅላት ያመጣሉ፣ ጭርትን መልኩን ለውጠው ይደብቃሉ። ሲያቆሙት ስለሚብስ ሴቲቱ ተመልሳ ትገዛዋለች። ከዚህ ዙሪት መውጣት የሚቻለው በሐኪም እርዳታ ነው። ቱቦውንም ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ከእነዚህ በአንዱም ያልተገለጠ፣ ከወር በላይ የቆየ፣ ፊትና ራስ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ካለ ሐኪም ይየው፤ የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረግ። የማያሳክክ ግን የደነዘዘ ወይም ለወራት የቆየ ቁስል ከሆነም እንዲሁ። ጤና ጣቢያ እንጀምር፣ ካስፈለገ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታሎች፣ ከዚያም ወደ አለርት ይላካል።

ከማኅበራችን የሚጠበቀው

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። ይህ የእናቶቻችንን «ራስ የማየት» ሥራ ከእውቀትና ከመድኃኒት ጋር ያገናኘ እርምጃ ነበር። እኛም ልንደግፈው እንችላለን። ሹሩባ የምትሠራ አባላችን ያየችውን በሐሜት ሳይሆን በጆሮ ትንገር፤ «እህቴ፣ ይህን ጤና ጣቢያ አሳዪው» ትበል። ከቁጠባችን ላይ ለሳሙና፣ ለጥቅጥቅ ማበጠሪያና ለየግል ምላጭ የሚሆን ይመደብ። አንድ ቤት ሲታከም ጎረቤቶቹና አብረው የሚያድሩት በዚያው ቀን እንዲታከሙ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ቀን እንቁረጥ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በአካባቢያችን ሰው በሽታውን የደበቀው ብዙውን ጊዜ ከሐኪም ፈርቶ ሳይሆን ከእኛው ዓይን ፈርቶ ነው። ቅማል የወጣባትን ልጅ ሳንስቅ፣ ፊቷ የቆሰለውን እህት ከቡና ሳናስቀር ብንቀበል፣ የሕክምናው ግማሽ ያኔውኑ ተጀመረ ማለት ነው። ቀሪው ግማሽ ደግሞ ዛሬ በጤና ጣቢያችን ይገኛል።